ወንፊቱን መመዘን፦ የ«አባ» ቡድን «ጎልድ» እና የምርጥ ዘፈኖች ስብስብ ሒስ



የዛሬው ርእሴ ለዚህ አዳራሽ ጥቂት እንግዳ ነው። እዚህ ስለ ቅኔ፣ ስለ ልብ ወለድና ስለ ታሪክ አጻጻፍ ሲነገር ሰምተናል። እኔ የምናገረው በየቤቱና በየመኪናው ስለሚሰማ፣ ሆኖም ሐያስያን እምብዛም ቆም ብለው ስላላዩት ሥራ ነው፤ አንድ የፖፕ ቡድን ዘመኑ ካለፈ በኋላ ከሥራዎቹ ተለቅመው በአንድ ዲስክ ስለሚታተሙለት የምርጥ ዘፈኖች ስብስብ።

ጥያቄዬ አጭር ነው። እንዲህ ያለውን ስብስብ ስንመዝን የምንመዝነው ምኑን ነው? የተለመደው መልስ ዘፈኖቹን አንድ በአንድ ማወደስ ነው፤ ዘፈኖቹ ጥሩ ከሆኑ ስብስቡም ጥሩ ነው ይባላል። ይህ መልስ ጥያቄውን አይነካውም። ዘፈኖቹ ስብስቡ ከመውጣቱ ከዓመታት በፊት ተሠርተው፣ ተሸጠውና ተወደው ያለፉ ናቸው። ጥሩነታቸው የደራሲዎቹና የዘፋኞቹ ነው። የአሰባሳቢው ሥራ ሌላ ነው፤ ማስገባት፣ ማስቀረት፣ ማስቀደምና ማስከተል። ዱቄቱን ዐይቶ ስለ እህሉ መናገር ይቻላል፤ ስለ ወንፊቱ ለመናገር ግን ወንፊቱ ላይ የቀረውንም ማየት ግድ ይላል። ዛሬ ወንፊቱን እንድናይ እጋብዛችኋለሁ።

ለማሳያ የመረጥሁት «አባ» የተባለውን የስዊድን ቡድን ነው። ስሙ በእኛ ጆሮ የመነኩሴ መጠሪያ ቢመስልም፣ ከአራቱ አባላት ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት የተሠራ ነው፤ አግኔታ ፌልትስኮግ፣ ቢዮርን ኡልቬዩስ፣ ቤኒ አንደርሶን እና አኒ-ፍሪድ ሊንግስታድ። የምመዝነው በሴፕቴምበር 1992 የወጣውን «ጎልድ» የተሰኘ ስብስባቸውን ነው። በዚህ ገለጻ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ነገሩን ለመከታተል የቡድኑን ዘመን በአጭሩ ማስታወስ ይበቃል። አራቱ በ1972 በስቶክሆልም አብረው መሥራት ጀመሩ። በኤፕሪል 1974 በእንግሊዟ ብራይተን ከተማ በተደረገው የዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር «ዋተርሉ» በተባለው ዘፈናቸው አሸነፉ። ከ1973 እስከ 1981 ድረስ 8 የስቱዲዮ አልበሞች አወጡ። ቡድኑ የሁለት ጥንዶች ማኅበር ነበር፤ አግኔታና ቢዮርን ባልና ሚስት ነበሩ፤ ቤኒና አኒ-ፍሪድም እንዲሁ። ሁለቱም ትዳሮች ቡድኑ ገና በሥራ ላይ ሳለ ፈረሱ፤ የመጀመሪያዎቹ ጥንዶች መለያየት በ1979፣ የሁለተኛዎቹ በ1981 ይፋ ሆነ። በ1982 መጨረሻ ቡድኑ መበተኑን በይፋ ሳያውጅ ሥራውን አቆመ። አዲስ የስቱዲዮ አልበም ይዞ የተመለሰው በ2021 ነው።

እንግዲህ «ጎልድ» የወጣው ዝምታው 10 ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ ነው። የቡድኑ ስም በዚያን ጊዜ የተከበረ አልነበረም። ገና በ1970ዎቹ በስዊድን «ፕሮግ» የተባለው የግራ ዘመም የሙዚቃ እንቅስቃሴ አባን የንግድ ሙዚቃ ዋና ምሳሌ አድርጎ ይነቅፈው ነበር። በሌሎች አገሮችም ብዙ የሮክ ሐያስያን ቡድኑን ከሚያብረቀርቅ ልብሱ ጋር አንድ አድርገው ይንቁት ነበር። በ1992 ነፋሱ ተለወጠ። በጁን ወር ኢሬዠር የተባለው የእንግሊዝ ቡድን አራት የአባ ዘፈኖችን በራሱ አሠራር አቅርቦ በአገሩ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። በዚያው ወር የአየርላንዱ ዩቱ በስቶክሆልም ኮንሰርት ሲያቀርብ ቤኒና ቢዮርን መድረክ ላይ ወጥተው «ዳንሲንግ ኩዊን»ን አብረው ተጫወቱ። ፖሊግራም የተባለው ኩባንያ የአባን ማሳተሚያ ቤት ፖላርን ቀደም ብሎ ገዝቶ ነበርና ነፋሱ ሲነሣ ስብስቡን አወጣ። 19 ዘፈኖች፣ 77 ደቂቃ ያህል፣ በአንድ ሲዲ። ይህ ልክ ራሱ የቴክኖሎጂ ውሳኔ ነው። የሸክላ አንዱ ፊት ከ20 ደቂቃ ብዙም አይዘልቅም፤ ሲዲው ግን የአንድ ቡድን ዕድሜ በአንድ ቁጭታ እንዲሰማ አስቻለ። «የአባ ሙዚቃ ሁሉ ይኸው ነው» የሚለው ስሜት የተወለደው በከፊል ከዚህ ልክ ነው።

አሁን ወደ ሚዛኑ ልግባ። የመጀመሪያው መለኪያ ቃል ኪዳን ነው፤ ስብስቡ እሰጣለሁ ያለውን ሰጥቷል ወይ? የ«ጎልድ» ንኡስ ርእስ «ታላላቅ ተወዳጅ ዘፈኖች» የሚል ነው። በዚህ ረገድ የሚነቀፍበት ነገር ጥቂት ነው። አባ በእንግሊዝ ሰንጠረዥ አንደኛ ያወጣቸው 9 ዘፈኖች ሁሉም በዲስኩ አሉ። ከእነዚህ አንዱ፣ ማለትም «ዳንሲንግ ኩዊን»፣ በ1977 በአሜሪካም አንደኛ የወጣ ብቸኛ ዘፈናቸው ነው፤ ዲስኩም የሚከፈተው በእርሱ ነው።

ሆኖም ምርጫው በቁጥር ብቻ የተካሄደ አይደለም። «ሰመር ናይት ሲቲ» የተባለው የ1978 ነጠላ ዜማ በእንግሊዝ አምስተኛ ደረጃ ደርሶ ነበር፤ በ«ጎልድ» የለም። «ታንክ ዩ ፎር ዘ ሚዩዚክ» ግን በእንግሊዝ በነጠላ ዜማነት የወጣው በ1983 ሲሆን ደረጃውም 33ኛ ነበር፤ እርሱ ገብቷል። እንግዲህ ከሰንጠረዡ በተጨማሪ አንድ እጅ ሲመርጥ ነበር ማለት ነው። ይህን እንደ ጥፋት አላየውም፤ እንዲያውም መልካም ነው እላለሁ። በቁጥር ብቻ የሚሠራ ወንፊት ምን እንደሚያደርግ ለማየት የቢትልስን ስብስብ ማንሣት ይበቃል። በ2000 የወጣው «ዋን» በእንግሊዝ ወይም በአሜሪካ አንደኛ የወጡ 27 ዘፈኖችን በዘመን ቅደም ተከተል ያቀርባል። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ማንም በአድልዎ አይከሰስም። ነገር ግን በ1967 በአንድ ሸክላ ሁለት ፊት ላይ ከወጡት ሁለት ዘፈኖች «ፔኒ ሌን» በአሜሪካ አንደኛ ሆኗልና ሲገባ፣ «ስትሮበሪ ፊልድስ ፎርኤቨር» ውጭ ቀረ። ከቡድኑ ታላላቅ ፈጠራዎች አንዱ በአንድ የሽያጭ ቁጥር ምክንያት ተጣለ። ሕግ ከአድልዎ ያድናል፤ ከስሕተት ግን አያድንም።

ስለዚህ አሰባሳቢው ፈርዷል ካልን፣ ሁለተኛው መለኪያ ፍርዱ ራሱ ነው፤ ምን አስገባ፣ ምን ጣለ? ይህን ለመመርመር ጥሩ ዕድል አለን፤ አባ ከ«ጎልድ» በፊት ሌላ ስብስብ አለውና። በኖቬምበር 1982፣ ቡድኑ ሊያቆም በተቃረበበት ጊዜ፣ «ዘ ሲንግልስ» የተባለ ሁለት ሸክላ ያለው ስብስብ ወጥቶ ነበር። የመጀመሪያዎቹን 10 ዓመታት በሚል ንኡስ ርእስ 23 ነጠላ ዜማዎችን በወጡበት ተራ ያሰልፋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ሒሳቡ ይህ ነው። 17 ዘፈኖች በሁለቱም አሉ። «ጎልድ» ከ«ዘ ሲንግልስ» ስድስቱን ጥሎ ሁለት አዲስ ጨመረ።

የተጣሉት ስድስቱ እነማን ናቸው? «ሪንግ ሪንግ» ከ1973፣ «ሶ ሎንግ» ከ1974፣ «አይ ዱ፣ አይ ዱ፣ አይ ዱ፣ አይ ዱ፣ አይ ዱ» ከ1975፣ «ሰመር ናይት ሲቲ» ከ1978፣ በመጨረሻም «ዘ ዴይ ቢፎር ዩ ኬም» እና «አንደር አታክ» ከ1982። ዓመታቱን ልብ በሉ። ከስድስቱ ሦስቱ ከመጀመሪያው ጫፍ፣ ሁለቱ ከመጨረሻው ጫፍ የተቈረጡ ናቸው። መካከሉ ከአንድ ዘፈን በቀር እንዳለ ቆየ። የገቡት ሁለቱ ደግሞ «ሌይ ኦል ዩር ላቭ ኦን ሚ» እና «ታንክ ዩ ፎር ዘ ሚዩዚክ» ናቸው፤ አንዱ ለዳንስ ቤት የሚስማማ፣ የመዝሙር ድምፀት ያለው የሕብረ ድምፅ ሥራ፤ ሌላው ደግሞ ሙዚቃን የሚያመሰግን የመድረክ ዘፈን።

የፍርዱ ትርጉም እዚህ ላይ ይታየኛል። «ጎልድ» የቡድኑን ልጅነትና እርጅና ቈርጦ ጉልምስናውን ብቻ አስቀረ። ገና ድምፁን የሚፈልገው፣ የቆዩ ስልቶችን እየለበሰ የሚሞክረው ቡድን የለም። ከዓለም ጫጫታ ራቅ ብሎ በጨለማ ክፍል ውስጥ የሚያስበው ቡድንም የለም። ሁልጊዜ ብርቱ፣ ሁልጊዜ የበሰለ፣ ሁልጊዜ የተሳካለት ቡድን ብቻ ይሰማል። አሰባሳቢው ይህን አቅዶ አድርጎታል ማለቴ አይደለም፤ ምናልባት የተከተለው ተወዳጅነትን ብቻ ነው። ወንፊት ግን ሐሳብ አያስፈልገውም፤ የቀዳዳው ስፋት ይበቃዋል።

ከወደቁት የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ መቅረት ብዙም አያንገበግበኝም። «ሪንግ ሪንግ» ለታሪክ ተመራማሪው ዋጋ አለው፤ የድምፅ ባለሙያው ማይክል ትሬቶው የመሣሪያዎቹን ቅጂ የቴፑን ፍጥነት በጥቂቱ እየለወጠ ደግሞ በመደረብ የአባን ጥቅጥቅ ያለ ድምፅ የጀመረው በእርሱ ነውና። ለተራው አድማጭ ግን የዚያ አሠራር ፍሬ በ«ዋተርሉ» እና በ«ማማ ሚያ» በተሻለ ይሰማል። ከባዱ ጉዳት ያለው በሌላኛው ጫፍ ነው።

«ዘ ዴይ ቢፎር ዩ ኬም» ወደ 6 ደቂቃ የሚጠጋ ዘፈን ነው። ቡድኑ በ1982 ካደረጋቸው የመጨረሻ ቅጂዎች አንዱ ነው። አንዲት ሴት አንድ ተራ ቀኗን ትተርካለች፤ ወደ ሥራ መሄዷን፣ ወረቀት ማገላበጧን፣ ምሳዋን፣ ወደ ቤት መመለሷን፣ መተኛቷን። የተለመደው አዝማች የለም። የቤኒ ሲንቴሳይዘር እየዞረ ይመላለሳል፤ አግኔታ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ዝርዝሩን ትቀጥላለች። ርእሱ «ከመምጣትህ በፊት የነበረው ቀን» የሚል ስለሆነ የመጣው ሰው ፍቅር ይሁን ጥፋት አድማጩ እስከ መጨረሻው አያውቅም። ይህ በፖፕ ዘፈን ውስጥ ብርቅ የሆነ የትረካ ጥበብ ነው፤ አጭር ልብ ወለድ የሚያስተምር መምህር ያለ ሐፍረት ክፍል ውስጥ ሊያሰማው ይችላል። በእንግሊዝ ሰንጠረዥ 32ኛ ነበር። 33ኛ የወጣው «ታንክ ዩ ፎር ዘ ሚዩዚክ» ገብቶ 32ኛ የወጣው ይህ ዘፈን መቅረቱ የሚመሰክረው ቁጥሩን አይደለም፤ ደስታና ጥርጣሬ በአሰባሳቢው ጆሮ እኩል እንዳልተመዘኑ ነው።

የመጨረሻው ዘመን በአጠቃላይ የደረሰበትም ይኸው ነው። በ1981 ከወጣው «ዘ ቪዚተርስ» አልበም በ«ጎልድ» ያለው አንድ ዘፈን ብቻ ነው፤ «ዋን ኦቭ አስ»። ከ1979ኙ «ቩሌ ቩ» አልበም ግን አራት ገብተዋል። የ«ዘ ቪዚተርስ» የርእሱ ዘፈን በሶቭየት ኅብረት ሥር በራቸው መቼ እንደሚንኳኳ በፍርሃት ስለሚጠብቁ ተቃዋሚዎች ነው። በዚያው አልበም ውስጥ ያለው «ስሊፒንግ ስሩ ማይ ፊንገርስ» ደግሞ ልጇ ቦርሳዋን ይዛ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ የምታይ እናት ዘፈን ነው። ፍርሃት፣ የፖለቲካ ጭቆና፣ የወላጅ ጸጸት፤ እነዚህ ሁሉ አባ የደረሰባቸው ርእሶች ነበሩ። አንድ ምጸት ልጨምር። በ1982 በጀርመን ሃኖቨር አካባቢ ለገበያ ከታተሙት የመጀመሪያዎቹ ሲዲዎች አንዱ «ዘ ቪዚተርስ» ነበር። ሲዲ ለዓለም ሲተዋወቅ አብሮት የተወለደው አልበም፣ ከ10 ዓመት በኋላ ሲዲው ዝነኛ ባደረገው ስብስብ ውስጥ ያገኘው ቦታ የአንድ ዘፈን ብቻ ሆነ።

ሦስተኛው መለኪያ ቅደም ተከተል ነው። «ጎልድ» የዘመንን ተራ ፈጽሞ ትቷል። በ1976ቱ «ዳንሲንግ ኩዊን» ይጀምራል፤ «ታንክ ዩ ፎር ዘ ሚዩዚክ»ን 18ኛ አድርጎ፣ በ1974ቱ «ዋተርሉ» ይዘጋል። ይህን ተራ ደጋግሞ ያዳመጠ ሰው ቅርጹን ያውቀዋል፤ ይህ የኮንሰርት ቅርጽ ነው። መድረኩ በታላቁ ዘፈን ይከፈታል፤ ፈጣኑና ዝግተኛው ይፈራረቃል፤ ወደ ማብቂያው ተመልካቹ ይመሰገናል፤ መጋረጃው ሲወርድ ሕዝቡ «ይደገም» ይላል፤ ቡድኑም ተመልሶ ዝና ያገኘበትን ዘፈን ይጫወታል። አባ ለመጨረሻ ጊዜ የኮንሰርት ጉዞ ያደረገው በማርች 1980 በጃፓን ነበር። «ጎልድ» ከዚያ ወዲህ ላልተደረገው ኮንሰርት ምትክ ሆኖ ተሠራ ብንል አንሳሳትም። እንደ ኮንሰርት ሲመዘን ደግሞ ተራው የተዋጣለት ነው። «ዳንሲንግ ኩዊን» በፒያኖ ቁልቁል ተንሸራትቶ ገብቶ ቀጥታ ከአዝማቹ መካከል ይጀምራል፤ አድማጩ በሩን ከፍቶ ሲገባ ድግሱ ደርቶ ይጠብቀዋል። ከዚህ የተሻለ መክፈቻ ማሰብ ይቸግራል።

የተራው ዋጋ ግን በሌላ በኩል ይከፈላል። ሁለት ዘፈኖችን ብቻ ላንሣ። ሁለተኛው ዘፈን «ኖዊንግ ሚ፣ ኖዊንግ ዩ» ነው፤ ጥንዶች ባዶ ቤታቸውን ትተው ሲለያዩ ይተርካል። ስምንተኛው «ዘ ዊነር ቴክስ ኢት ኦል» ነው፤ ርእሱ «አሸናፊው ሁሉን ይወስዳል» ማለት ነው፤ ተሸናፊዋ ሴት ለተለያት ሰው ትናገራለች። የመጀመሪያው የተቀዳው በ1976 ነው፤ ከሁለቱ ትዳሮች አንዱም ገና አልፈረሰም። ሁለተኛው የ1980 ነው፤ ግጥሙን የጻፈው ቢዮርን፣ የዘፈነችው ደግሞ በቅርቡ የተለያት አግኔታ ናት። የመጀመሪያው በጥሩ ደራሲ ሐሳብ የታየ መለያየት ነው፤ ሁለተኛው መለያየት ራሱ ከደረሰ በኋላ የተጻፈ ነው። ቢዮርን ዘፈኑ የራሳቸውን ፍቺ በቀጥታ የሚተርክ አይደለም ብሏል፤ ይሁን እንጂ በእነዚያ አራት ዓመታት መካከል በደራሲውና በዘፋኟ ላይ የደረሰውን ሳያውቅ የሚያዳምጥ ሰው የሁለቱን ልዩነት ሊመዝን አይችልም። «ጎልድ» ሁለቱን በአንድ ዘመን የተጻፉ አስመሰላቸው። «ዘ ዊነር ቴክስ ኢት ኦል»ን ደግሞ የልጆች መዘምራን በሚሰሙበት «አይ ሃቭ ኤ ድሪም» እና በቀልደኛው «ማኒ፣ ማኒ፣ ማኒ» መካከል አስቀመጠው። ሐዘኑ አልጠፋም፤ ነገር ግን የማዕድ ቅመም ሆነ። በዘመን ተራ ቢሰማ ሐዘኑ እያደር የሚጠልቅ የሕይወት መንገድ ይሆን ነበር።

እዚህ ላይ ከመካከላችሁ የሚነሣውን ተቃውሞ ራሴ ላንሣው፤ ብርቱ ተቃውሞ ነውና። ስብስብ የግድ ታሪክ መሆን አለበት ያለው ማነው? የእኛው ስንክሳር የቅዱሳንን ገድል የሚያቀርበው በኖሩበት ዘመን ተራ ነውን? አይደለም። በሚታሰቡበት ወርና ቀን ነው፤ ለሚያነበው ማኅበረ ምእመናን አገልግሎት ተዘጋጅቷልና። በመካከላቸው ብዙ መቶ ዓመታት ያሉ ሁለት ቅዱሳን በአንድ ቀን ጎን ለጎን ይነበባሉ፤ ማንም ታሪክ ተፋለሰ ብሎ አይከስም። የፖፕ ዘፈንም በባሕርዩ ያለ ቀን የሚኖር ነው። በሬዲዮ የሰማነው ሁሉ ዓመቱን ነግሮን አያውቅም። ዘፈኑ በሦስት ወይም በአራት ደቂቃ ውስጥ ራሱን ችሎ መቆም አለበት።

ተቃውሞውን በከፊል እቀበለዋለሁ፤ «ጎልድ»ም ከዚህ ወገን ሲታይ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ዘፈኖቹን ከታሪካቸውና ከልብሳቸው ለይቶ በጆሮ ብቻ እንዲመዘኑ አቀረባቸው። ያን ጊዜ ሰዎች የሰሙት ሲንቁት የኖሩትን ቡድን አልነበረም፤ እንደ «ኤስ ኦ ኤስ» ያለውን ዘፈን ነው፤ በማይነር፣ በተሰበረ ድምፅና በፒያኖ ብቻ ጀምሮ አዝማቹ ሲደርስ ወደ ሜጀር ተሻግሮ እንደ ማዕበል የሚነሣውን። ያን የሰማ ሰው ይህ ተራ ሸቀጥ ነው ሊል አልቻለም። ሌላም የሚመሰገንበት አለ። ብዙ ስብስቦች ቀድሞ ሁሉን የገዛው ወዳጅ እንደገና እንዲገዛ አንድ ሁለት ያልተሰሙ ዘፈኖችን እንደ ማጥመጃ ያስገባሉ። «ጎልድ» ይህን አላደረገም። ለአዲስ አድማጭ የተዘጋጀ ነበር፤ አዲሱን አድማጭም በሐቀኝነት አስተናገደ።

አድማጩም መጣ። ስብስቡ በዓለም ዙሪያ ከ30 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። በእንግሊዝ ከኩዊን «ግሬተስት ሂትስ» ቀጥሎ በሽያጭ ሁለተኛው አልበም ነው፤ በጁላይ 2021 ደግሞ በዚያ አገር የአልበሞች ሰንጠረዥ ላይ 1,000 ሳምንታት የቆየ የመጀመሪያው አልበም ሆነ። በ1999 በለንደን መታየት የጀመረው «ማማ ሚያ!» የተባለው ሙዚቃዊ ተውኔት ከ«ጎልድ» ዘፈኖች አብዛኞቹን ይጠቀማል።

ጉዳዩ ከባድ የሚሆነው ግን በዚህ ስኬት ምክንያት ነው። ጥቂት ሰዎች የሚገዙት ስብስብ ስሕተቱም የጥቂቶች ነው። በብዙ ሚሊዮን የተሸጠ ስብስብ ግን ስብስብ መሆኑ ይቀርና ቡድኑ ራሱ ይሆናል። ከ8 አልበሞች አንዱንም ሳይሰማ «አባን ዐውቃለሁ» የሚል ሰው አይዋሽም፤ የሚያውቀው «ጎልድ»ን ነውና። በ1993 «ሞር አባ ጎልድ» የተባለ ተከታይ ወጥቶ «ሰመር ናይት ሲቲ»ንና «ዘ ዴይ ቢፎር ዩ ኬም»ን ይዞ ነበር። ጉድለቱን ሞላ ልንል እንችላለን፤ ነገር ግን በርእሱ ብቻ ዘፈኖቹን ትራፊ አደረጋቸው። አንዴ ከመጀመሪያው ማዕድ የወደቀ በሁለተኛው ቢነሣም የሁለተኛው ማዕድ ነው። ይልቅስ «ስሊፒንግ ስሩ ማይ ፊንገርስ» የተሻለ ዕድል ገጠመው፤ «ማማ ሚያ!» እናትና ልጅ ባሉበት ትእይንት ውስጥ አስገብቶ ለብዙ ሕዝብ መለሰው። የወንፊት ፍርድ ይግባኝ አለው ማለት ነው፤ ይግባኙ የሚሰማው ግን ሌላ ሥራ ሠሪ ሲነሣ ነው።

ይህ ጥያቄ የስዊድኖች ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ የቅርብ ምሳሌ ልጥቀስ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ቡዳ ሙዚክ በተባለው የፓሪስ ማሳተሚያ «ኢትዮፒክስ» የተሰኘውን ተከታታይ ስብስብ ማውጣት ጀመረ። ጥላሁን ገሠሠን፣ ማሕሙድ አሕመድን፣ ሙላቱ አስታጥቄን የውጭው ዓለም ያወቃቸው በአብዛኛው በዚህ በር ነው፤ ለዚህም ባለ ውለታችን ነው። የመጀመሪያው ቅጽ ከ1969 እስከ 1975 ያለውን ጊዜ የዘመናዊ ሙዚቃችን ወርቃማ ዓመታት ብሎ ሰይሟል። ዛሬ አንድ የውጭ አገር ሙዚቃ ወዳድ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሲባል ወደ ጆሮው የሚመጣው የዚያ ዘመን የነፋስ መሣሪያ ድምፅ ነው። ከዚያ በፊት ስለ ነበረውና ከዚያ በኋላ ስለ መጣው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሁለቱም ስብስቦች ወርቅን መጥራታቸው መገጣጠም ሊሆን ይችላል፤ ወርቅ ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ሥራ ይሠራል፤ የሚያበራውን መካከል ከጫፎቹ ይለያል።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። «ጎልድ» እንደ ዘፈኖች ክምችት ከተመዘነ በፖፕ ሙዚቃ ተወዳዳሪው ጥቂት ነው። ቃል ኪዳኑን ጠብቋል። እንደ ኮንሰርት ከተመዘነ አከፋፈቱም አዘጋጉም የተዋጣ ነው። እንደ አርቲስቶች ገጽታ ከተመዘነ ግን ጎደሎ ነው፤ ጉድለቱም ቦታ ከማጣት የመጣ ብቻ አይደለም። 32ኛ የወጣውን ትቶ 33ኛ የወጣውን ሲመርጥ ቦታ ነበረው፤ የመረጠው ምስጋናን በጥርጣሬ ፋንታ ነው። እኔ ብሆን «ታንክ ዩ ፎር ዘ ሚዩዚክ»ን አውጥቼ «ዘ ዴይ ቢፎር ዩ ኬም»ን በቦታው አስገባ ነበር። የ2 ደቂቃውን ጭማሪ የሚሸፍን ጥቂት ማሳጠር ያሻ ይሆናል። «ዋተርሉ»ን ግን ካለበት አላነሣውም። በዚያ ተራ የ1982ቷ ብቸኛ ሴት ዝግ ባለ ድምፅ ቀኗን ትተርክና፣ ወዲያው የ1974ቱ ወጣቶች ዘለው ይገቡ ነበር። አድማጩ በሁለቱ መካከል ያለውን 8 ዓመት ማንም ሳይነግረው በጆሮው ይሰማው ነበር። አንድ ዘፈን በመለወጥ ብቻ ኮንሰርቱ ታሪክም ይሆን ነበር።

ለተማሪዎቼ የማስተላልፈው ምክር ከዚህ የሚመጣ ነው። ማንኛውንም መድበል፣ የዘፈን ይሁን የግጥም ወይም የአጭር ልብ ወለድ፣ ስትመዝኑ አራት ነገር ጠይቁ። ምን እሰጣለሁ አለ? ምን ጣለ፣ የተጣሉትስ በአንድነት ሲታዩ ምን ይመስላሉ? ተራው ምን ያስመስላል? በመጨረሻም፣ ያዳመጠውን ሰው ወደ ሙሉው ሥራ ይልከዋል ወይስ እዚያው ያስቀረዋል? አራተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፤ ጥሩ መድበል በር ነውና። «ጎልድ» ለብዙ ሚሊዮን ሰዎች በር ሆኗል፤ ለብዙ ሚሊዮን ሰዎች ደግሞ ግድግዳ ሆኗል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ዲስኩ ሲያልቅ አድማጩ የሚያደርገው ነገር ነው። «ዘ ቪዚተርስ»ን ፈልጎ የሚከፍት ሰው እስካለ ድረስ ወንፊቱ ላይ የቀረው አልጠፋም።

 አሁን ወደ ጥያቄና ውይይት እንለፍ።